ወገቡን የሚያመው ሰው ኮርሳ ላይ እንዴት ይቀመጥ? የአንድ ደንበኛ የአምስት ወር ጉዳይ

ጉዳዩን ለምን ጻፍኩት

ወገባቸውን የሚያማቸው ብስክሌተኞች ወደ እኔ ሲመጡ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «መሪውን ከፍ አድርግልኝ» ይላሉ። እኔም ለዓመታት ከፍ እያደረግሁ ሰጥቻለሁ። አንዳንዱ ይሻለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ያልተመለሰው ሰው ድኖ ይሁን ብስክሌቱን ትቶ፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ይህ ጉዳይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደብተር ተመዝግቧል። መሪውን ከፍ ማድረጌ ሰውየውን እንዳባሰባቸው በቁጥር አየሁት። ከዚያ በኋላ የሠራውንም ያልሠራውንም ጽፈን ይዘናል። ባለጉዳዩ ስማቸው ሳይጠቀስ እንዳካፍለው ፈቅደውልኛል። በማዕረግ ሁሉም ሰው የሚጠራቸው «ጋሼ» ብሎ ስለሆነ እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ፣ አስተካክላለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ስለ አከርካሪና ስለ ነርቭ የምጽፈው አብራን የሠራችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስረዳችንን ነው።

ሰውየውና ብስክሌታቸው

ጋሼ 51 ዓመታቸው ነው። የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ይውላሉ። ቁመታቸው 1.71 ሜትር፣ ክብደታቸው 78 ኪሎ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከባድ ዕቃ ሲያነሱ ወገባቸው ያዛቸው። ሕመሙ በግራ ቂጣቸው አልፎ እስከ ባታቸው ወረደ። ኤምአርአይ ሲነሱ፣ በመጨረሻው የወገብ አጥንትና ከሥሩ ባለው አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ነርቭ እየነካ መሆኑ ታየ። እኛ አገር «ዲስክ ተንሸራተተ» እንላለን። ባለሙያዋ ይህን አባባል አትወደውም። ዲስክ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር ጠብቆ የተያያዘ ነው፤ ከቦታው አይንሸራተትም። የሚሆነው መወጠርና ወደ ውጭ ማበጥ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ተንሸራተተ» የተባለ ሰው በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ወገቡ የሚበታተን ይመስለዋል፤ መንቀሳቀስም ይፈራል።

ኦፕሬሽን አያስፈልግም ተባሉ። አራት ወር ፊዚዮቴራፒ ተከታትለው የእግራቸው ሕመም ጠፋ። ሐኪማቸው ብስክሌት መንዳት ይችላሉ አሏቸው።

ብስክሌቱን የላኩላቸው ዋሽንግተን የሚኖሩ ወንድማቸው ናቸው። ጥሩ ኮርሳ (የውድድር ብስክሌት) ነው፤ የፍሬሙ ቁጥር ግን 56 ነው። ለእሳቸው ቁመት 52 ወይም 54 ይበቃ ነበር። እዚህ ከተማ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል። ኮርሳ እንደ ልብ ስለማይገኝ ዘመድ የላከውን እንነዳለን። ብስክሌቱ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ በቁጥር አይመረጥም። «ሽጠው ሌላ ይግዙ» ማለት ቀላል ነው። ግን ወንድማቸው የላኩትን ሊሸጡት አልፈለጉም፣ ቢሸጡትም የሚተካ የለም። ስለዚህ ባለው ፍሬም መሥራት ነበረብን።

ችግሩ

ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ እሑድ እሑድ ማለዳ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ መንዳት ጀመሩ። በ25ኛው ደቂቃ ከቀበቷቸው በላይ ያለው ቦታ ማቃጠል ይጀምራል። አርባ ደቂቃ ሲሞላ ሕመሙ ወደ ግራ ጭናቸው ይወርዳል። ከአሥር ስንት ይሰጡታል ስንላቸው ስድስት አሉ። በማግሥቱ ጠዋት ካልሲ ለማጥለቅ አልጋቸው ላይ መጋደም ነበረባቸው።

ወገብ የሚያመው ጀማሪና ዕድሜው የገፋ ብቻ አይደለም። 2010 ላይ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በታተመ ጥናት 109 ፕሮፌሽናል ብስክሌተኞች ተጠይቀው፣ 58 ከመቶው ባለፈው አንድ ዓመት ወገባቸውን እንዳመማቸው ተናግረዋል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ትንሽ ተረጋጉ። ጥፋቱ የዕድሜያቸው ብቻ እንዳልሆነ ገባቸው።

የመጀመሪያው ልኬት

ውድ የመለኪያ ማሽን የለኝም። የተጠቀምነው ሜትር፣ የግንበኛ ውሃ ልክና የስልክ ካሜራ ነው። ባለሙያዋ የመጋጠሚያ ማዕዘን የምትለካበትን መሣሪያ ይዛ መጣች።

የእግራቸውን ርዝመት ለመለካት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ወፍራም መጽሐፍ በእግራቸው መሃል ወደ ላይ አጥብቀው ያዙ። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጫፍ 79 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ያስተዋወቀው ቀመር ይህን ቁጥር በ0.883 ያባዛል። ውጤቱ 69.8 ሴንቲ ሜትር ነው። የፔዳሉ ክንዶች ከሚዞሩበት ዘንግ መሃል እስከ መቀመጫው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ይህ ነው ማለት ነው። የጋሼ መቀመጫ 72.5 ላይ ነበር።

ባለሙያዋ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታቸው ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለካች። 18 ዲግሪ ወጣ። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ25 እስከ 35 ነው። ከኋላ በስልክ ስንቀርጻቸው ደግሞ ነገሩ ለዓይን ግልጽ ሆነ። ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌያቸው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይወርዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ፔዳል ቢዞር ወገባቸው 120 ጊዜ ወደ ጎን ይጣመማል።

ውሃ ልኩን መቀመጫው ላይ ሳስቀምጠው አረፋው ወደ መቀመጫው አፍንጫ ሸሸ። አፍንጫው 4 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያደረጉት፤ ወደ ፊት እንዳይንሸራተቱ ብለው። መሪው ከመቀመጫው በ8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነበር።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ያባሰው

ይህን ሁሉ ለክቼ፣ ያደረግሁት ግን የለመድኩትን ነው። እሳቸው «መሪው ነው የሚጎትተኝ» አሉ፤ እኔም አመንኳቸው። በፊት ሹካው ቱቦ ላይ ማስረዘሚያ ጨምሬ መሪውን 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁት። ሱቁ በር ላይ ሲሞክሩት ደስ አላቸው። ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

በሚቀጥለው እሑድ ሕመሙ በ15ኛው ደቂቃ መጣ። ደብተራቸው ላይ እንዲህ ጽፈዋል፦ «እያንዳንዱ ጉድጓድ ጭንቅላቴ ድረስ ይሰማኛል።»

ምክንያቱን የነገረችን ባለሙያዋ ናት። ሰው ብስክሌት ላይ ቀጥ ሲል ክብደቱ ከእጁ ተነሥቶ መቀመጫው ላይ ያርፋል። ከመንገዱ የሚመጣው ምት በአከርካሪው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በዚያ ላይ የመቀመጫው አፍንጫ ቀና ስላለ ዳሌያቸው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ዳሌ ወደ ኋላ ሲገፋ ወገብ እንደ ደጋን ይጎብጣል። መሪውን ማንሣቴ ትከሻቸውን ከፍ አደረገው እንጂ ጉብጠቱን አልነካውም።

እጇን ወገባቸው ላይ አድርጋ «አሁን የሚታጠፉት ከዚህ ነው» አለቻቸው። ከዚያ እጇን ጭንና ሆድ የሚገናኙበት እጥፋት ላይ አወረደችው። «መታጠፍ ያለብዎት ከዚህ ነው።»

ጋሼ አልገባቸውም። ደጋግመው ቢሞክሩም ወገባቸው ቀድሞ ይጎብጣል። ያደጉት ምንጃር ነው። ይህን ስትሰማ ጤፍ ሲያጭዱ እንዴት ያጎነብሱ እንደነበር ጠየቀቻቸው። ሳያስቡት ቂጣቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ፣ ጉልበታቸውን ላላ አደረጉ፣ ጀርባቸው እንደ ጠረጴዛ ተዘረጋ። የመጥረጊያ እንጨት ጀርባቸው ላይ አጋደመችና አየች። ጭንቅላታቸውን፣ የላይኛውን ጀርባቸውንና የጅራት አጥንታቸውን እኩል ነካ። «በቃ፣ ይኼን ነው ብስክሌቱ ላይ የምንፈልገው» አለች።

ከዚያ በኋላ እኔ የምፈልገው ተለወጠ። ዳሌያቸው ወደ ፊት እንዲዞር ብስክሌቱ ይፈቅድላቸዋል ወይ? ጥያቄዬ ይኼ ብቻ ሆነ።

በተራ በተራ የለወጥነው

ማስረዘሚያውን አውጥቼ ወደ ነበረበት መለስኩት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለመለወጥ ተስማማን። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መንዳት አለባቸው። ደብተሩ ላይ ሕመሙ የጀመረበት ደቂቃ፣ ከአሥር ስንት እንደሆነ፣ ወገብ ላይ ይሁን እግር ላይ፣ በማግሥቱ ካልሲ እንዴት እንዳጠለቁ ይጻፋል።

መጀመሪያ መቀመጫውን አወረድን። 2.3 ሴንቲ ሜትር በአንድ ጊዜ ቢወርድ ጉልበት ሊቆጣ ስለሚችል በሦስት ዙር ነው ያወረድነው። 70.2 ላይ ቆምን። ቀመሩ ካለው በ4 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ጫማቸው ወፍራም ሶል ስላለው ነው። የጉልበታቸው እጥፋት 31 ዲግሪ ሆነ። ከኋላ በተቀረጸው ቪዲዮ ዳሌያቸው መወዛወዙን አቁሟል። ሌላም ጥቅም አገኘን። መቀመጫው ሲወርድ በእሱና በመሪው መካከል ያለው ልዩነት ከ8 ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጠበበ፤ መሪውን ሳልነካ ማለት ነው። ሕመሙ የሚጀምርበት ጊዜ ወደ 45 ደቂቃ ተገፋ።

ሁለተኛው የመቀመጫው አፍንጫ ነው። በእኔ ግምት የጉዳዩ ዋና ቁልፍ ይኼ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1999 ላይ የታተመ፣ እስራኤል ውስጥ የተሠራ ጥናት ወገባቸውን የሚያማቸው ብስክሌተኞች መቀመጫ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ፊት እንዲያዘነብል አድርጎ፣ ከ70 ከመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ትልቅ መሻሻል አይቷል። ቁጥሩን እንዳለ መቅዳት ግን አልፈለግሁም፤ መቀመጫ ሁሉ አንድ ቅርጽ የለውም። መጀመሪያ ውሃ ልክ አደረግነው። ወዲያው ተሻላቸው። ከዚያ 5 ዲግሪ አዘነበልነው። ወገባቸው ደስ አለው፤ ግን ወደ ፊት ስለሚንሸራተቱ በእጃቸው ራሳቸውን ይገፋሉ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቻቸው ደነዘዙ። መልሰን ሁለት ዲግሪ ተኩል ላይ ስናቆመው እጃቸውም ወገባቸውም ተስማማ። ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ ሕመም ነዱ። የሁለት ዲግሪ ለውጥ በዓይን አይታይም፤ መቀመጫው ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ሦስተኛው የመሪው አንገት ነው። መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያዘው ቁራጭ ማለቴ ነው። የነበረው 110 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነበረው። ፍሬሙ ትልቅ ስለሆነ እጃቸው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው መሪውን የሚደርሰው። 80 ሚሊ ሜትር የሆነና 17 ዲግሪ ወደ ላይ የሚወጣ አንገት አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ወንድማቸው ሰው ሲመጣ ላኩት። ለዚህች ቁራጭ አምስት ሳምንት ጠብቀናል። ስትገጠም መሪው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀረበ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ አለ። ክርናቸው ታጠፈ። ጉድጓድ ሲመታ ክንዳቸው መንዘሩን መዋጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ መሪውን መጨረሻ ከፍ ማድረጋችን ቅር የሚለው ሊኖር ይችላል። መጀመሪያም ይኼንኑ አልነበር ያደረግኸው ሊለኝ ይችላል። ልዩነቱ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ዳሌ ሳይስተካከል መሪውን አነሣሁ። አሁን ዳሌያቸው ወደ ፊት ዞሯል፤ መሪው የቀረበው ለክንዳቸው እንጂ ጉብጠትን ለመደበቅ አይደለም። መጠኑም ከመጀመሪያው ግማሽ አይሞላም።

ጎማውን በአጭሩ ልጥቀስ። 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ነበራቸው፤ ጎሚስታው ድንጋይ እስኪሆን በአየር ግፊት መለኪያው 110 ፒኤስአይ ይሞላላቸዋል። ፍሬሙ ከ25 በላይ አያስገባም። 25 ገጠምን፤ ፊቱን 80፣ ኋላውን 85 አደረግን። ከፍተኛ ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ ንዝረት ቀነሰ።

ማርሹም ታይቷል። ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ፣ በደቂቃ 55 ገደማ እየዞሩ ቁጭ ብለው ይገፉ ነበር። እያንዳንዱ ግፊት ወገብን የሚስብ ነው። የኋላውን ትልቁን ማርሽ ከ25 ጥርስ ወደ 28 ቀይረን፣ በደቂቃ ከ80 ጊዜ በላይ ማዞር እንዲለምዱ ተነገራቸው። ይህን ለመልመድ አንድ ወር ፈጅቶባቸዋል።

ያልሠራው

ከማስረዘሚያው ሌላ ለስላሳ የጄል መቀመጫ ሽፋን ሞክረናል። ሱቅ ውስጥ ሲቀመጡበት ይመቻል። ሲነዱ ግን አጥንታቸው ጠንካራ ነገር ላይ ስለማያርፍ ዳሌያቸው ተመልሶ መወዛወዝ ጀመረ። በሁለተኛው ቀን አወጣነው።

የወገብ ቀበቶም አስረው ነዱ። ሕመሙ የሚጀምርበትን ደቂቃ አልለወጠውም፤ ሆዳቸውን አፍኖ ትንፋሽ ነሳቸው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ወዳጃቸው ወደ ወጌሻ ወሰዳቸው። ወጌሻው ወገባቸውን አሻቸው፣ አጣመማቸውም። የእግር ሕመሙ በማግሥቱ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ብስክሌት አቆምን። ወጌሻ ለብዙ ሰው የታመነ ባለውለታ ነው፤ ይህን አልክድም። ነርቭ የነካ ዲስክ ያለበትን ወገብ በኃይል ማጣመም ግን አደጋ እንዳለው ባለሙያዋ አጥብቃ ነግራናለች።

ከሁሉም ያስተማረን ግን ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የግማሽ ዓመት ሒሳብ መዝጊያ ነበርና ጋሼ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢሮ ያመሻሉ። ብስክሌቱ ላይ አንዲት ነገር አልለወጥንም። ሕመሙ ግን በ30ኛው ደቂቃ መጣ። ደብተሩን ወደ ኋላ ስናገላብጥ፣ መጥፎ ቀናት ሁሉ ወንበር ላይ ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ በኋላ የመጡ ናቸው። ደብተር ባይኖር ኖሮ አንገቱን ወይም መቀመጫውን እወቅስ ነበር፤ የተስተካከለውንም አበላሽ ነበር።

ከብስክሌቱ ውጪ የተሠራው

ባለሙያዋ በየሁለት ቀኑ የምታሠራቸው ሦስት እንቅስቃሴ አለ። በጀርባ ተኝቶ ወገብን ሳያጎብጡ ጭንቅላትን ጥቂት ማንሣት፣ በጎን በክርን ተደግፎ ዳሌን ማንሣት፣ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ተቃራኒ እጅና እግርን መዘርጋት። ሁሉም 12 ደቂቃ አይፈጅም። በእጅና በጉልበት የሚሠራውን ሲጀምሩ ወገባቸው ላይ የተቀመጠ የውሃ ላስቲክ ይወድቅ ነበር። የካቲት ላይ መውደቁን አቆመ።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ መኪና ሳይበዛ ለመንዳት ከጠዋቱ 12 ሰዓት መውጣት ግድ ነው። ግን ሌሊት ስንተኛ ዲስክ ውሃ ይመጥጣል፤ ጠዋት ላይ የተወጠረ ነው። ከአልጋ ተነሥቶ ወዲያው አጎንብሶ መንዳት ለታመመ ዲስክ ከባዱ ሰዓት ላይ መጫን ነው። ጋሼ መፍትሔውን ራሳቸው አመጡ። መጀመሪያ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ኪዳን ያደርሳሉ። መቋሚያ ተደግፈው ይቆማሉ፣ በእግራቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ብስክሌቱ ላይ የሚወጡት። ከዚህ ለውጥ በኋላ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ግትርነት ደብተሩ ላይ አልታየም።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

የጋሼን ቁጥሮች ማንም እንዳይቀዳ እለምናለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን ለሌላውም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ከመቀመጫው ከፍታ ይጀመር፤ ቀጥሎ የመቀመጫው ዝንባሌ፣ መሪው መጨረሻ ይምጣ። መሪ ለዓይንም ለእጅም ቅርብ ስለሆነ ሁሉም ሰው ከእሱ ይጀምራል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ነው።

ከፍታውን ለመገመት ሜትር እንኳ ባይኖር፣ በተረከዝ ፔዳሉን ታች ድረስ ረግጦ ማየት ይቻላል። ዳሌ ሳይወርድ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ዳሌው ከወረደ መቀመጫው ከፍ ብሏል።

የሕመሙን ቦታ ከመጠኑ በላይ ተከታተሉ። ጋሼ ከእግራቸው ወደ ወገባቸው የተመለሰ ሕመም መልካም ምልክት መሆኑን ተምረዋል። ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ግን ሦስት ከአሥርም ቢሆን የዚያን ቀን መንዳት ማብቂያው ነው። እግር ከደከመ፣ ጣት ማንሣት ካቃተ፣ ብልትና ፊንጢጣ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረ ደግሞ ጉዳዩ የብስክሌት አይደለም። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

የፕሮፌሽናሎችን አቀማመጥ የሚመኙ ወጣቶችም ይመጡብኛል። ጽጋቡ ግርማይ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2016 ላይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ፎቶውን አይተው «እንደ እሱ አድርገኝ» ይሉኛል። ያ አጎነባበስ ከዓመታት ልምምድ በኋላ የመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ወገብ በአንድ ቀን አይደርስበትም።

አሁን ያሉበት

መጋቢት ላይ ጋሼ ከለገጣፎ ሰንዳፋ ደርሰው ተመለሱ። ብስክሌቱ ላይ አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ቆይተዋል። ሕመሙ መጨረሻው ላይ ሁለት ከአሥር ነበር፤ እግራቸው ላይ ምንም የለም። በማግሥቱ ካልሲያቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው አጠለቁ።

ሙሉ በሙሉ አልዳኑም። የመሪውን የታችኛውን ቀንድ ይዘው ከአምስት ደቂቃ በላይ መቆየት አይችሉም። ስለዚህ የእንጦጦን ቁልቁለት የሚወርዱት የፍሬኑን መያዣ ይዘው በዝግታ ነው።

አንድ ለውጥ ይቀረናል። የፔዳሉ ክንድ 172.5 ሚሊ ሜትር ነው። 165 ቢሆን ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመጣ ጉልበታቸው ወደ ሆዳቸው የሚቀርበው ይቀንሳል፣ ዳሌያቸውም የበለጠ ይለቀቃል። ክንዱ ለፋሲካ ከሚመጣ ዘመድ ጋር ተልኳል። ሲገጠም መቀመጫውን 7.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ አለብኝ፤ ከመሪው ጋር ያለውን ልዩነትም እንደገና እለካለሁ። ጋሼ ለዚህ አዲስ ገጽ ከፍተው፣ ቀኑን ብቻ ባዶ ትተው፣ መሥመሮቹን አስምረው ይዘዋል።